ኑርሀያት ውሃ ላይ የተኛች ዕለት

በሐይቅ ከተማ አራቱን ሴቶች «ማክሰኞዎቹ» ይሏቸዋል። ስሙን አስቦ ያወጣላቸው ሰው የለም። በየሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ባጃጅ ውስጥ ተጠጋግተው፣ ሲስቁ ድምፃቸው ከሞተሩ በላይ እየተሰማ ሲያልፉ ያየ ሁሉ «ማክሰኞዎቹ ሄዱ» ማለት ጀመረ፤ በዚያው ቀረ።

ነገሩ የተጀመረው በሽሽቱ ዓመት ነው። ጦርነቱ ሲቃረብ አራቱም ጓዛቸውን አዝለው ወደ ደሴ በእግራቸው ሲሄዱ መንገድ ላይ ተገናኙ። የሺሀረግ፣ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ፣ እግሯ አብጦ አስፋልቱ ዳር ተቀምጣ ሳለ «አላህም ማርያምም ይስሙኝ፤ ከዚህ ከተረፍን ማንም ሳያባርረን፣ ደስ ስላለን ብቻ ነው የምንሄደው» አለች። ሲመለሱም እንዳለችው ሆነ። አንድ ማክሰኞ በሚኒባስ ውጫሌ ሄደው ገበያውን ሲዞሩ ይውላሉ። ሌላ ማክሰኞ የአምባሰል ተራራ በሚታይበት መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ጉሙ ሲወጣና ሲወርድ ያያሉ። ማውራት ያማራት ታወራለች፤ እንቅልፍ የመጣባትም የጓደኛዋ ትከሻ ላይ ታሸልባለች።

በግንቦት መጀመሪያ ላይ ሐይቁ ዳር ዓሣ በልተው እጃቸውን ሲታጠቡ ኑርሀያት ድንገት፣

«እዚህ ውሃ ላይ መተኛት እፈልጋለሁ» አለች።

ኑርሀያት ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከልጇ ከሰሚሃ ጋር ትኖራለች። ብዙ የማትናገር ሴት ስለሆነች ሦስቱም ዞረው አዩዋት።

«ጀልባ ላይ ማለትሽ ነው?» አለች የሺሀረግ።

«የምን ጀልባ? ውሃው ላይ። በጀርባዬ።»

አሚናት ሳቋ አመለጣት። አሚናት ደርባባና ተጫዋች ናት፤ ውሃ ግን ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ነክቷት አያውቅም። «ወላሂ ይቺ ሴትዮ ፀሐይ መታት!» አለች።

«ሳቂ» አለች ኑርሀያት ሳትቆጣ። «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚህ ሐይቅ ውሃ ቀድቼ ስሸከም ኖሬያለሁ። በእንስራ፣ ኋላም በጀሪካን። ሽቅብ ስወጣ እሱ ጀርባዬ ላይ ነበር። እስቲ አንድ ቀን ደግሞ እሱ ይሸከመኝ።»

አሰገደች ጉሮሮዋን ጠረገች። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ ያደገችውም ሐይቁ ዳር ነው።

«እኔ መዋኘት እችላለሁ» አለች፣ ጥፋቷን እንደምትናዘዝ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አባቴ ሳያይ ነበር የምዋኘው። እስክዳር ድረስ። ከዚያ ወዲህ ገብቼ አላውቅም።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ አሰገደች የምታውቀውን ቦታ ይዛቸው ሄደች። ፊላው፣ ያ ረጅሙ የውሃ ዳር ሣር፣ ግራና ቀኝ እንደ አጥር የቆመበት፣ ከመንገድ የማይታይ ትንሽ ጥግ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሰብስበው ገብተዋል። ውሃው ላይ ስስ ጭጋግ ተኝቷል፤ ተራሮቹ ከግርጌያቸው ተቆርጠው በአየር ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ኑርሀያት ከአሮጌ ቀሚሷ ሥር ሱሪ ለብሳ፣ ሻርፗን አጥብቃ አስራ «ቢስሚላህ» ብላ ገባች። የሺሀረግ ሁለት ባዶ ጀሪካኖች በነጠላ አያይዛ ከብብቷ ሥር አሰረችላት።

ያን ቀን አልሆነም። አሰገደች መዳፏን ከወገቧ ሥር አድርጋ «አገጭሽን ወደ ሰማይ፤ ሆድሽን አታጥፊው» ብትላትም፣ ኑርሀያት እግሯ ከመሬት በለቀቀ ቁጥር እየደነገጠች ትነሳለች። ውሃ ጠጣች፣ አሳላት። አሚናት ዳር ላይ ሆና «በቃ ውጪ! ለልጅሽ ምን ልበላት?» ትላለች።

«የምን ችኮላ ነው?» አለች አሰገደች። «ልጅ ሆኜ እኔም አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶብኛል።»

ሦስተኛው ማክሰኞ ላይ ሆነ። እንዴት እንደሆነ ኑርሀያት ራሷም አታውቅም። የአሰገደች እጅ ከወገቧ ሥር ነበር፤ ከዚያ አልነበረም፤ መሄዱንም አላወቀችም። ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ገባ፤ የዓለም ድምፅ ሁሉ በአንዴ ጠፋ። የምትሰማው የራሷን ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ሲገባ ከፍ ትላለች፣ ሲወጣ ዝቅ ትላለች። ሰማዩ ገና ሳይነጋ እንደሚታይ ሕልም ነጣ ያለ ነው። አንድ ዳክዬ በላይዋ አለፈ፤ ክንፉ ሲመታ ታያለች፣ ድምፅ ግን የለውም። ጉልበቷ አያማትም። ወገቧ የት እንዳለ አታውቅም። እናቷ በአንቀልባ አዝላት ስትሄድ፣ ፊቷን የእናቷ ጀርባ ላይ ለጥፋ ያሸለበችበት ጊዜ ትዝ ያላት መሰላት። በዚያ ዕድሜ የሆነ ነገር እንደማይታወስ ታውቃለች፤ ግን ትዝ አላት። ዐይኗን ጨፈነች።

አሰገደች ወደ ዳር ወጥታ ነጠላዋን ስትደርብ ነፋሱ ቀስ ብሎ ተነስቶ ነበር። ዳር ያሉት ቢጣሩ አልሰማቻቸውም። ቢጫዎቹ ጀሪካኖች ከፊላው አልፈው ወደ ሰፊው ውሃ ሲንሸራተቱ አሚናት «ያ አላህ! ሄደች! ልትሄድብን ነው!» እያለች ደረቷን መታች። የሺሀረግ ጫማዋን አውልቃ እስከ ጉልበቷ ገባችና ቆመች፤ ከዚያ በላይ አትችልም።

አሰገደች ነጠላዋን ጥላ ወደ ጥልቁ ገባች። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት የክንድ ቀዘፋዎች ከበዷት። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቀጥሎ ግን ክንዶቿ ራሳቸው አስታወሱ። ስትደርስ ኑርሀያት ፈገግ ብላ ተኝታለች። አሰገደች ልትጎትታት እጇን ዘርግታ ፊቷን ስታይ ተወችው። አንዱን ጀሪካን ያዘችና አጠገቧ በጀርባዋ ተኛች።

ኑርሀያት ዐይኗን ገለጠች። «መጣሽ?» አለች።

«መጣሁ። ሩቅ ሄደሻል እኮ።»

«አየሽ አይደል፣ ውሃው እንዴት እንደሚይዝ?»

«አየሁ» አለች አሰገደች። ነፋሱ ሁለቱንም ጎን ለጎን፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ቀጣዩ ዳርቻ ወሰዳቸው።

እዚያ ወንዱ የሚባል ገበሬ ሽንኩርቱን ሲያጠጣ ሁለት አሮጊቶች ከሐይቁ ሲወጡ አየና አማተበ።

«እናቶቼ፣ ሰው ናችሁ?» አለ ወደ ኋላ እያለ።

«ሰው ነን ልጄ፣ ማክሰኞዎቹ ነን» አለች አሰገደች ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

ወንዱ ይህን ሲሰማ ሳቀና ጋቢውን አውልቆ ለሁለቱ አለበሳቸው። ጥቂት ቆይተው አሚናትና የሺሀረግ በዳርቻው እያለከለኩ ደረሱ። አሚናት ኑርሀያትን አቅፋ እያለቀሰች ሰደበቻት፤ ደግሞ ሰድባት ሳትጨርስ አገላብጣ ሳመቻት።

ወሬው ማታውን ሰሚሃ ጋ ደረሰ። ሰሚሃ ገበያ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ መደብር አላት፤ ሥራ የሚበዛባትና ቶሎ የምትናደድ ልጅ ናት።

«እማ፣ ሰው ምን እንደሚል አስበሻል? ብትሰምጪስ? ምን ጎደለብሽ እኔ ቤት?»

«ምንም አልጎደለብኝም፣ አልሀምዱሊላህ» አለች ኑርሀያት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ገና የታጠበችውን ፀጉሯን ታደርቅ ነበር። «ሰሚሃ፣ አንቺ መጨረሻ ያረፍሽው መቼ ነው?»

ሰሚሃ አጠገቧ ተቀመጠች። ፎጣውን ከእናቷ እጅ ወሰደችና የስስ ሽበቷን ጫፍ እያሸች ማድረቅ ጀመረች።

«ምን ይመስላል?» አለች ኋላ፣ ቀስ ብላ።

ኑርሀያት አሰበች። ሊነገር የሚችል አልመሰላትም። «ለብ ያለ ነው» አለች ብቻ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ባጃጁ ውስጥ አምስት ሆኑ። ሰሚሃ መደብሯን ለጎረቤቷ ትታ፣ ሃያ ሜትር ሰማያዊ የናይለን ገመድ ጭኗ ላይ አስቀምጣ መጣች። «ያለ ገመድ አንዲት ሴት አትገባም» አለች ፊላው ጋ ሲደርሱ፣ ቆጣ ብላ። የገመዱን አንድ ጫፍ ዳር ካለ ግራር ግንድ ጋር ራሷ አሰረችው፤ ሁለት ጊዜም ጎተት አድርጋ ፈተሸችው።

ኑርሀያት እጇን ለገመዱ ስትዘረጋ አሚናት ቀደመቻት። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ገመዱን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ ማንንም ሳታይ እስከ ጉልበቷ፣ ከዚያ እስከ ጭኗ ገባች።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለች ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣ። «ኑና ያዙኝ እንጂ!»

አሰገደችና ኑርሀያት ግራና ቀኝ ገቡና ያዟት።