አበባ ሲፈካ የተነበበ ዜና

«ምክትል ሚኒስትሩ» ልትል ፈልጋ ከአፏ የወጣው «ብክትል ቢዲስትሩ» ነበር። ከመስታወቱ ማዶ የተቀመጠው የድምፅ ባለሙያ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። ዜና አንባቢዋ ማይኩን ዘግታ ሦስት ጊዜ አከታትላ አነጠሰች፤ የቀረውን እንደምንም አንብባ ወጣች።

አለቃዋ በር ላይ ጠበቃት። ጀማሪ ሳለ ማይክ አያያዝ ያሳየችው እሷ ነበረች።

«ጉንፋኑን ለሁላችንም ልታድዪን ነው?» አላት። «ለሁለት ወር መዝገብ ቤት ሁኚ። ድምፅሽም ይረፍ።»

«ጉንፋን አይደለም። የግቢው ዛፎች ባበቡ ቁጥር ይነሳብኛል።»

«እሱን ሐኪም ይበለን።»

ለሁለት ወር ተብላ መዝገብ ቤት የገባች ባልደረባዋ ስድስት ዓመት ሆኗት፣ እስካሁን የካሴት አቧራ ታራግፋለች። ስለዚህ በማግስቱ ማለዳ ሐኪም ቤት ሄደች።

ሐኪሟ አፍንጫዋን በባትሪ አየችና «የአበባ ብናኝ ነው» አለቻት። «ብናኙ ራሱ ክፋት የለውም። ሰውነትሽ ግን ጠላት መጣ ብሎ ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቅበታል። ያኔ የአፍንጫሽ ውስጥ ይቆጣል፣ ያብጣል፤ ንፍጥ ይወርድሻል፣ ዓይንሽን ያሳክክሻል።»

«እንደኛ መሥሪያ ቤት ዘበኛ በይኛ። ሃያ ዓመት እያወቀኝ በየቀኑ መታወቂያ አምጪ ይለኛል።»

ሐኪሟ ሳቀች። «ልክ እንደሱ። ወደ ሰው አይተላለፍም። አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት እሰጥሻለሁ፤ በደንብ እስኪሠራ ግን ቀናት ይፈጃል። መስኮት ዝጊ፣ ከውጭ ስትገቢ ፊትሽን ታጠቢ።»

«ዜና ማንበቡስ?»

«ማን ከለከለሽ?»

የሐኪሟን ወረቀት አለቃዋ ጠረጴዛ ላይ አኖረችለት። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እሺ፣ አይተላለፍም። አድማጭ ግን ይስቅብናል።»

«ይሳቅ። የሚስቀው እያዳመጠ ነው።»

«እኔ እኮ ላንቺው ብዬ ነው።»

«ለኔ ብለህ ከሆነ መስኮቶቹን አስዘጋልኝ። መዝገብ ቤት አልገባም። ግቢ ካልክ በጽሑፍ ስጠኝ፤ እኔም በጽሑፍ እመልስልሃለሁ።»

ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እሷም የኮሪደሩን መስኮቶች አንድ በአንድ ዘጋግታ ስቱዲዮ ገባች።

የቀትሩ ዜና ሲጀምር አፍንጫዋ አልተከፈተም። «ም» ሁሉ «ብ»፣ «ን» ሁሉ «ድ» እየሆነ ይወጣል። አለቃዋ መጥቶ ከባለሙያው ጀርባ ቆመና ሙዚቃ እንዲያስገባ በእጁ አሳየው። ባለሙያው ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ እሷን አያት። አንገቷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ጣቱን አነሳ።

የመጨረሻውን ገጽ ስትጨርስ ሠላሳ ሰከንድ ተርፏት ነበር። ያልተጻፈ ነገር መናገር ክልክል ነው፤ በሃያ ዓመት አንድ ቀን አድርጋው አታውቅም። ወረቀቶቹን ገለበጠችና ወደ ማይኩ ተጠጋች።

«አድማጮቻችን፣ ድምፄን የለወጠው የአበባ ብናኝ ነው» አለች፣ ፊደላቱ እንደፈለጉ ይውጡ ብላ። «አበባው እስኪረግፍ እንዲህ ሊቆይ ይችላል። የነገውንም ዜና የማነብላችሁ እኔ ነኝ።»