የአሥር ዓመት ስንኝ

በፈረንጆቹ 2009 መጀመሪያ ሥራ ጠፋ። ዳላስ አጠገብ ፋርመርስ ብራንች ያለው መጋዘን ከሦስት ፈረቃ ወደ አንድ ወረደ። ኤርፖርት ላይ ታክሲዎች አምስት ሰዓት ተሰልፈው አንድ ሰው ይጭኑ ነበር። ሁለት ጎረቤቶች ቤታቸውን ለባንክ ትተው ሄዱ። የታክሲ ነጂው የመዝገቡ ሚስት ዓለምጌጥ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ድርብ ፈረቃ ያዘች። መዝገቡ ሰልፉ ላይ፣ ታክሲው ውስጥ ተቀምጦ ግጥም ይገጥም ነበር።

ግጥሙ አልመጣም። አሥር ዓመት አልመጣም።

ነገሩ የጀመረው በሠርጉ ዕለት ነው። ጓደኛው አሻግሬ ክራሩን ይዞ መሐል ቆመና፣

ሱፉን ተከራይቶ፣ ጫማውን ተውሶ፣
ሙሽሪትስ የማን ናት? ይንገረን ጨርሶ!

አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጫማውን ያዋሰው ራሱ አሻግሬ ነበር።

ወጉ የታወቀ ነው። የተነካ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ ዘፋኙም የገዛ ስድቡን አንድ ቃል ሳያጎድል ይዘፍነዋል፤ ተሳስቀው ይለያያሉ። መዝገቡ ተነሣ፣ «ተቀበል!» አለ፣ ስንኙ ጠፋው፣ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ዳላስ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሲያገኘው ሰላምታው «ሙሽሪትስ የማን ናት?» ሆነ።

ጡረተኛው መምህር ኃይለ ማርያም አዝነውለት «አንድ ስንኝ እኔ ልስጥህ» ቢሉት እንቢ አለ። በውሰት ጫማ የተሰደበ ሰው በውሰት ግጥም ይመልስ?

አሻግሬ ግን በአሥር ዓመት ውስጥ ያልሆነው አልነበረም። ክራሩን በገዛ መኪናው ሄደበት። ፎርት ወርዝ አሮጌ ዕቃ ሱቅ ገብቶ «ክር ያለው ነገር ስጡኝ» ቢላቸው ባንጆ የሚሉትን የፈረንጅ ክራር ሰጡት። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲነዳ፣ ብሉግራስ የሚሉትን የገጠር ዘፈን ከአንድ የቴክሳስ ሽማግሌ ተማረ። ፎርክሊፍቱ ላይ ሲለማመድ አንድ መደርደሪያ ሙሉ ሳሙና ናደና ተባረረ። ለጎማ ሻጭ የሬድዮ ማስታወቂያ ዘፈነ። ለቅሶ ቤት ተጠርቶ ሐዘንተኛውን አሳቀና ከዚያም ተባረረ። በመጨረሻ ትልቅ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ስለ ጠፋ ውሻና ስለ ከዳች ሚስት አማርኛና እንግሊዝኛ እያደባለቀ የሚዘፍን አስቂኝ የካንትሪ ዘፋኝ ሆነ። ውሻም ሚስትም ኖሮት አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መዝገቡ ሁለት ፈረንጅ አሮጊቶች ጫነ። የሚሄዱት ግሬፕቫይን ከተማ፣ «ኢትዮጵያዊውን ካውቦይ» ለማየት ነው።

«ቃሉ አይገባንም፤ ግን ያስቃል» አሉት።

አደረሳቸውና ሊመለስ ሲል ከምግብ ቤቱ ግቢ የባንጆ ድምፅ መጣ። ታክሲውን ፓርክ አደረገና ለዓለምጌጥ ኮል አደረገ።

«እዚህ ነው። ልገባ ነው።»

«ግጥሙ መጣ?»

«ግማሹ።»

«ሶ ግማሽ ይዘህ ትገባለህ? ስልኩን እንዳትዘጋው!»

አሻግሬ ከመድረክ አየው። «ኧረ ሙሽራው! አሥር ዓመት ጆሮዬን ታጥቤ ጠበቅኩህ እኮ!» ለፈረንጆቹም፣ ይህ ሰውዬ ያለኝን ሁሉ የመዝፈን ግዴታ አለብኝ አላቸው። አጨበጨቡ።

መዝገቡ ስልኩን እንደ ሻማ ከፍ አድርጎ ቆመ። «ተቀበል!»

«እሺ ጌታዬ!»

«ለቅሶ ቤት ተባሮ፣ መጋዘን ተባሮ፣»

አሻግሬ ዘፈነው። የባንጆው ዜማ አንድ ዙር ዞረ። ሁለተኛው ስንኝ የለም። ባንጆው ደግሞ ዞረ። ፈረንጆቹ የዘፈኑ ክፍል መስሏቸው በእግራቸው መሬት ይመታሉ።

«እኔ ልንገርህ!» ስልኩ ጮኸ። «እኔ ጋ መጥቷል!»

«ዝም በዪ! የውሰት ይሆናል!»

«በባልና ሚስት መሐል ምን ውሰት አለ?»

«አለ!»

የአሻግሬ ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ። መምታቱን ሳያቆም ባርኔጣውን በክንዱ ገፋ አደረገ። አሮጊቶቹ በደስታ ጮኹ። መዝገቡ ባርኔጣውን አየ። አሮጊቶቹን አየ።

«ፈረንጅ ያታልላል፣ ባርኔጣ አሳምሮ!»

የአሻግሬ እጅ ቆመ። እንጀራው እነዚሁ ፊቱ የተቀመጡት ናቸው። ወግ ግን ወግ ነው። ጉሮሮውን ጠረገና አንድ ቃል ሳያጎድል ዘፈነው።

ግቢው ተነሣ። ድገመው አሉት፤ ደገመው። ሦስተኛ አዘፈኑት፤ በሦስተኛው አሮጊቶቹ ራሳቸው «ባርኔጣ አሳምሮ» እያሉ ይቀበሉት ጀመር።

አሻግሬ ከመድረክ ወርዶ ላቡን ጠረገ። «ብድርህን ተከፈልክ?»

መዝገቡ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። ዓለምጌጥ ከማጠቢያ ማሽኖቹ ጩኸት በላይ ትስቃለች። እስክትጨርስ ጠበቃት።

«እሷን ጠይቃት» አለና ስልኩን ሰጠው።

«ተከፍለናል» አለች። «ከነወለዱ።»