የባሏ ቀኝ ትከሻ

ልብስ ሰፊዋ ሰውን የምታውቀው በመልኩ ሳይሆን በትከሻው ነበር። ሁለት ትከሻው እኩል የሆነ ሰው የለምና፣ አንዴ ሜትሯን የጣለችበትን ደንበኛ አትረሳም። ስለዚህ ቀኝ ትከሻው ዝቅ ያለው የፖስታ ቤት ኃላፊ፣ ያልተጠናቀቀውን ኮት ለፕሮቫ ሊለካ ሲመጣ ኮቱ በግራ በኩል ሲንጠለጠልበት መጀመሪያ ያማችው የገዛ እጇን ነበር። የጥርስ ሐኪሙም እንዲሁ ተገልብጦ ሲመጣባት ግን ነገሩ ገባት። ባለፈው ወር ከሰማይ ወርደው የገቡበት ያልታወቀው ፍጥረታት ሰውን እየወሰዱ በመልኩ ይተካሉ፤ መልኩን የቀዱት ደግሞ ከመስታወት ላይ ነው!

ለማን ትንገር? አብሯት የሚሠራው፣ የሰፋችውን የሚተኩሰው ባሏ እንኳ ሰሞኑን ሌላ ሰው ሆኗል። ሳይለመን ሳህን ያጥባል፤ ያለችውን ሁሉ «እሺ፣ የኔ እመቤት» ይላል። ሠላሳ ዓመት አብሮ የኖረ ባል በድንገት ሲታዘዝ ያስደነግጣል። እሷም ክፉ ቃል ሳይወጣት፣ በዐይኗ ብቻ ትከታተለው ጀመር።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግን ቆረጠች።

«እስቲ ና፣ ሸሚዝ ልሰፋልህ ነው።»

«እሺ፣ የኔ እመቤት» አለና ካውያውን አስቀምጦ ቀረበ። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል።

ሜትሩን ጀርባው ላይ ዘረጋች። ዝቅ ያለው ግራው ከሆነ ባል የላትም። አየች፤ ደግማ አየች። ቀኙ ነው! ያው እንደ አሮጌ መስኮት የተንጋደደው ቀኝ ትከሻው!

«አንተ ሽማግሌ! ታዲያ ምን ነክቶህ ነው እንዲህ የታረምከው?» ብላ ጀርባውን በጥፊ አለችው።

ዞር ሲል ዐይኑ እንባ አቅርሯል።

«ሰደብሽኝ?»

«ሰደብኩህ! ምን ታመጣለህ?»

«ተመስገን! እኔ እኮ አንቺን የወሰዱብኝ መስሎኝ ነበር።»

«እኔን?»

«ኮቶቹን የምተኩሰው እኔ አይደለሁ? ከፕሮቫ በኋላ ስታርሚያቸው ግራና ቀኛቸው መገልበጡን አይቻለሁ። ውኃ ቀጠነ ብላ የምትጮኸው ሚስቴ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ጭጭ! እንዳትበዪኝ ፈርቼ ነው ሳህኑን ያጠብኩት።»

ሁለቱም የልብስ መቁረጫውን ጠረጴዛ ተደግፈው፣ ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። አሁን ሁለት ናቸው፤ ሁለት ሰው ደግሞ ብዙ ሰው መለካት ይችላል።

«ከማን እንጀምር?» አለች እንባዋን እየጠረገች።

«ከእህቴ።»

«እሷንስ ወስደዋት ከሆነ ትንሽ ታገሥ» አለች፤ «ራሳቸው ይመልሷታል።»