የዶናል እርጥብ ፀጉር

«ቆይ፣ ልጨምርልህ» አለች ኑላ።

«ሞልቷል እኮ!» አለ ጎረቤቷ ኩባያውን ወደ ደረቱ እያስጠጋ። ቀኝ እጁን ግን እንደዘረጋ ነው።

ኑላ እጁን ያላየች መስላ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፈች። ባሏ ዶናል የሰው ሕፃን ሊያወጣ ባሕር ከገባ ወዲህ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ያያት የለም። እኛ አየርላንዳውያን ለቅሶ ስንደርስ ብዙ አናወራም፤ የሐዘንተኛውን እጅ ጨብጠን «በደረሰብህ አዝናለሁ» እንላለን፣ ከዚያ ወደ ሳንድዊቹ ነው። እጅ ካልተሰጠን ግን አንልም። ካልተባለ ደግሞ፣ በኑላ ቤት፣ አልደረሰም።

«ሬሳ በሌለበት ምን ለቅሶ አለ?» ትላለች ለመጣው ሁሉ። «ዶናል እኮ ዋናተኛ ነው። አንዱ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ተቀምጦ ይሆናል።»

ዶናልን የሚፈልገው ሄሊኮፕተር ከጣሪያው በላይ ሲያልፍ ኩባያዎቹ ተንቀጫቀጩ። ሰው ሁሉ ቀና አለ፤ ከዚያ ወደ ላዛኛው ተመለሰ። ላዛኛው ማቀዝቀዣውን ሞልቶ ጋራዥ ገብቷል። የከተማችን የኪልሮን ሰው ጎረቤቱ ሲቸገር ላዛኛ ይሠራለታል፤ ችግሩ ሲከፋ አይብ ይጨምርበታል።

የዶናል እናት እማማ ብራይዲ ባሕር ከማይታይበት ከሮስኮመን መጥተው፣ ትልቁ መስኮት ሥር ጀርባቸውን ለውኃው ሰጥተው ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸው መቁጠሪያ ይዟል፤ ቀኙ ለመጣው ሁሉ ይዘረጋል።

«እጅሽን ስጪያቸው እንጂ ልጄ፤ ሰዎቹ ተገትረው ቀሩ።»

«እርስዎ ቸኩለዋል፣ እማማ።»

«ልጄ ዶናል የገላ መታጠቢያ ገንዳ ይፈራ ነበር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እኔና አባቱ ተጋግዘን ነበር የምንነክረው።»

«እሱ ድሮ ነው! እዚህ ተማረ። በየጠዋቱ ይዋኝ ነበር እኮ።»

«እንግዲህ» አሉ እማማ ብራይዲ መቁጠሪያውን እየገፉ። «እኛ አገር ላም እንኳ ጉድጓድ ዳር አይታሰርም። እናንተ ልጆች ይዛችሁ ባሕር አፍ ላይ ትሰፍራላችሁ።»

ኪልሮን እንምጣ ያለችው ኑላ ናት። ለሁለቱ ሴት ልጆቿ ስትል ነው። እኛ ዘንድ መኪናው ለሕፃን ይቆማል፤ ውሻው ያዛጋል እንጂ አይጮህም፤ ከትምህርት ቤት መልስ ልጆች በአይስክሬም ቤት በኩል ዞረው፣ እግራቸውን ባሕር ነክረው ነው ቤታቸው የሚገቡት። ዶናል እንደመጣ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ የከበቡት አባቶች ሥራህ ምንድን ነው አላሉትም።

«ትዋኛለህ?» ነው ያሉት።

«እንዴታ!» አለ።

ወዲያው ዋናተኞቹ ሁሉ የሚለብሱትን ድንኳን የሚያክል ካባ ገዛ። በየጠዋቱ ወደ ወደቡ ወርዶ፣ ፀጉሩ እየተንጠባጠበ ተመልሶ፣ ወጥ ቤት ቆሞ ዳቦ በቅቤ ይበላል።

«እንዴት ነበር?»

«ይበርዳል።»

ከዚህች ቃል ሌላ ጨምሮ አያውቅም። ኑላ ግን ጨመረች። ጎረቤቷ ኦርላ ቤት እራት ተጋብዘው ሳለ፣ «የኔ ባል እኮ ባሕሩ ላይ የሚንሳፈፈው ቀዩ ምልክት ድረስ ዋኝቶ ይመለሳል!» አለች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ዶናል ድንቹን እየቆረጠ ነበር፤ መቁረጡን ቀጠለ።

ከሰዓት በኋላ ሎርካን መጣ። ሎርካን የከተማው ጥርስ ሐኪምና የዶናል የጠዋት ጓደኛ ነው። ያለ ካባው ሲታይ ግማሹ የቀረ ይመስላል። እጁን ሳይዘረጋ በር ላይ ቆመ፤ ኑላም ከሁሉም እንግዳ በእሱ ደስ አላት።

«መጣህልኝ! ዛሬ ሲመሽ ፍለጋውን ሊያቆሙ ነው። ምን ያህል ርቀት መዋኘት እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረን ብለዋል። አንተ ታውቃለህ። ማዶ ያለችው ደሴት ድረስ ይችላል፣ አይደል? ደውልና ንገራቸው፤ አንተን ይሰሙሃል።»

ሎርካን አንገቱን ደፋ።

«ወጥ ቤት እንግባ፣ ኑላ።»

«እዚሁ ንገረኝ።»

«እባክሽ።»

ገቡ። በሩን ዘጋ።

«ከጉልበቱ በላይ ገብቶ አያውቅም» አለ።

«ማን?»

«እሱም፣ እኔም። ሁለታችንም ዋና አንችልም። እዚያ ወደቡ መጸዳጃ ጎን ቧንቧ አለች። ፀጉራችንን እናርስና ቡናችንን ይዘን እናወራለን። ‹ነገ እንማራለን› እንባባል ነበር። በእግዚአብሔር ስም፣ እየቀለድን አልነበረም።»

«ሂድ ወዲያ፣ ውሸታም! ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«ያን ቀን ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ነበር። ሕፃኑን ከተንሳፈፈበት የፕላስቲክ ዳክዬ ጋር ወደ መሃል ይዞት ሲሄድ ኦርላ ጮኸች። ‹የኑላ ባል እዚህ አለ! ቀዩ ምልክት ድረስ የሚዋኘው!› አለች። ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ዶናል እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ካባውን አውልቆ ሰጠኝ። አጣጥፎ ነው የሰጠኝ፣ ኑላ። ሕፃኑን የነፍስ አድን ጀልባዋ አወጣችው። እሱ ግን ገና ምኑም ሳይርቅ…»

ኑላ ማንቆርቆሪያውን እንዳቀፈች ቆመች። በየጠዋቱ ዳቦውን ሲበላ ከኋላው መጥታ አናቱን ትስመው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ከንፈሯ ላይ ጨው ቀርቶ አያውቅም። ባሕር ዳር የምትኖር ሴት፣ ጨው የሌለው የባል ፀጉር ስማ፣ ደስ ብሏት ልጆቿን ወደ ትምህርት ቤት ትሸኝ ነበር።

«ለምን አልነገረኝም?» አለች።

«ደስ ብሎሽ ነበራ።»

ከሳሎን የመቁጠሪያው ድምፅ ይሰማል። ሄሊኮፕተሩ ተመልሶ ሲመጣ ኑላ ቀና አላለችም። ጠረጴዛው በላዛኛ ተሞልቷል፤ አንዱን ሳህን በክርኗ ገፋ አድርጋ ቦታ አበጀችና ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ጣቶቿ ወዲያው አልተፈቱም፤ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው።

ከዚያ ለማንም ያልሰጠችውን ቀኝ እጇን ለሎርካን ዘረጋች። መዳፏ ከማንቆርቆሪያው ግለት ቀልቷል።

«በል» አለችው።