ሊኮን ያልጠጣው ውሃ

ሊኮን በጥንቷ ግሪክ የሲክዮን ከተማ ወታደር ነበር። ገዢው የጎረቤት መንደርን ወይራ ቁረጥ ሲለው “የድሃ እንጀራ አልቆርጥም” ብሎ ሸሸና ሄራ ከምትባለው የከተማው አምላክ መቅደስ ገብቶ ከመሠዊያው ሥር ተቀመጠ። እዚያ የተማጸነን ሰው ጎትቶ ማውጣት ነውር ስለሆነ፣ ገዢው እህል ውሃ ያቀበለው ሁሉ በድንጋይ ተወግሮ ይሙት ብሎ አወጀ። የመቅደሱን በር የሚጠብቁት ወታደሮች አለቃ የሊኮን እህት የቲሞ ባል ዴክሲፖስ ነበር።

ቲሞ አንጀቷን አስራ ሰነበተች። አንድ ቀን ግን በጠራራ ፀሐይ ገንቦዋን ተሸክማ መጣች።

“ተመለሽ” አላት ባሏ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “እኔን ለማን ጥለሽኝ ነው?”

“አንተ ስንት ወዳጅ አለህ። እሱ ከእኔ ሌላ ማን አለው?”

“አዋጁን ሰምተሻል።”

“ሰምቻለሁ። ወይ ውጋኝ፣ ወይ አሳልፈኝ።”

ዴክሲፖስ ፊቱን አዞረ፤ እሷም አለፈች።

ሊኮን ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ውሃውን ሲያይ ጉሮሮው ተንቀሳቀሰ፤ ግን ራሱን ነቀነቀ።

“እኔ ካልጠጣሁ አንቺ አላጠጣሽኝም። ግቢ ቤትሽ።”

“አንተ ግትር፣ ዛሬ እንኳ እሺ ብትለኝ ምን አለ?”

ለመነችው፤ እምቢ አላት። የቀሚሷን ጫፍ ነክራ ከንፈሩን ልታርስለት ብትሞክር እጇን ገፋው። አመሻሹ ላይ ጭኗን እንደተንተራሰ ትንፋሹ ቆመ።

ስትወጣ ዴክሲፖስ በሩ ላይ ጠበቃት።

“ጠጣ?”

“አልጠጣም።”

ባሏ እፎይ አለ። ቲሞ ያን እፎይታ ሰማች። ሰው ወደማይኖርበት ወደ ሟች አባቷ ቤት አቀናች፤ ቢለምናትም፣ ሽማግሌ ቢልክባትም ተመልሳ ከደጁ አልደረሰችም።