የእትዬ ኩላሊት

አናጺው ኩላሊቶቹ ከድተውት ሞት አፋፍ ላይ በቆመ ጊዜ፣ አንዱን ኩላሊቷን የሰጠችው እናት ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሰውነቱ ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳይጥለው፣ በሽታ የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት በየዕለቱ ሳያዛንፍ ይውጣል።

ዘንድሮ እሷ ሳንባዋን ታመመች፤ በትንፋሽ የሚተላለፍ፣ መድኃኒት የማይበግረው ክፉ በሽታ ነው። አናጺው መጋዙን ጥሎ ሆስፒታል ሲደርስ የክፍሉ ሐኪም በር ላይ አስቆመችው።

«እርስዎ አይገቡም። በሚወስዱት መድኃኒት ላይ ይሄ በሽታ ከያዘዎት አይተርፉም።»

«መድኃኒቱን ለጥቂት ቀን ብተወውስ?»

«ኩላሊቱን ያጡታል እንጂ የመከላከል አቅምዎ ቶሎ አይመለስም። እንዳያደርጉት!»

ግቢውን ዞሮ መስኮቱ ስር ቆመ። እህቱ ከመስታወቱ ወዲያ ሆና በስልክ አናገረችው።

«እትዬ፣ እጅሽን እንኳ ሳልይዝ?»

«ኩላሊቴን ይዘህ የለ? ምን አነሰህ?» ብላ ልትስቅ ስትል ሳል አቋረጣት። «ልግባ እንዳትል። ብትገባ አልምርህም።»

ሐሙስ ረፋድ ላይ አረፈች። እጇን ይዛ የሸኘቻት ነርሷ ነበረች፤ እሱ መዳፉን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ቆሞ ቀረ።

ከቀብር መልስ ሰዓቱ ሲደርስ ባለቤቱ ውኃና መድኃኒቱን አቀረበችለት። ኪኒኑ አልወርድ አለው።

«ዋጠው እንጂ የኔ ጌታ» አለችው ጀርባውን እያሻሸች።

እንባውና ውኃው እየተቀላቀለበት ደጋግሞ ተጎንጭቶ፣ እንደምንም ዋጠው።