እንጦጦ ሥር ያለ የጀልባ ሞተር

ሐይቅ በሌለበት አገር የጀልባ ሞተር የሚሸጥ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ አብዷል ብዬ ነበር። አባዬ ግን ወሬውን ቸርች ሰምቶ ስላመነ፣ ማክሰኞ አያት ሰፈር ካለው የጥበቃ ሥራው እንደወጣ ሾላ መጥቶ ከምሠራበት በርበሬ ቤት አስፈቀደልኝ። እያስነጠስኩ ተከተልኩት።

እናቴና ሁለቱ ወንድሞቼ ባቱ ናቸው፣ ሐይቁ ዳር። ጀልባችንም እዚያው አጎቴ ሚልኬሳ ጋ ነው። ዓሣው ከዳር ከሸሸ ቆይቷል፤ እየቀዘፉ ደርሰው መረብ ጥለው እስኪመለሱ ቀኑ ያልቃል። አባዬ ለዚህ ነው አዲስ አበባ የገባው፤ እኔን ደግሞ ብቻውን እንዳይሆን ብለው አስከተሉኝ። ይኸው ሦስት ዓመት። ሞተር ከተገኘ እንመለሳለን ተባብለናል። አዲሱ የማይቀመስ ነው፤ ለአሮጌ ግን ያጠራቀመው ይበቃል። በጣም ሲናፍቀኝ ሾላ ዓሣ የሚሸጥ ሰው ፈልጌ አጠገቡ እቆማለሁ። ለማሽተት ነው። አንዱ «ካልገዛሽ ዝንቤን አታባርሪብኝ» ብሎኛል።

ሰውየው አባባ ወልደ ሐዋርያት ይባላሉ። ቤታቸው ዳገቱ ላይ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ጋ ነው። ሞተሩን እንደ በሽተኛ ጋቢ አልብሰው አስተኝተውታል። በዕድሜ እኔን ይበልጠኛል። የልጃቸው የታዴዎስ ነበር፤ ላንጋኖ እንግዳ ያንሸራሽርበት ነበር አሉ። ልጁ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው።

ሞተሩ ሲሞከር እግሩ ውሃ ውስጥ መሆን አለበት። ስለዚህ በርሜል ተፈለገ። በዚያ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነውና አባባ ፊታቸው ጠቆረ፤ ግን የሳምንቱን ውሃ የያዘውን በርሜል ራሳቸው ከፈቱት። አባዬ ሞተሩን በርሜሉ አፍ ላይ አሰረው።

የእኔ ሥራ ከኋላ ቆሜ ትንሿን ቀዳዳ ማየት ነው። ጤነኛ ሞተር ከታች የሳበውን ውሃ በእሷ ያፈሳል፤ ዓሣ አጥማጆች «ሸና» ነው የሚሉት። ካልሸና ይግላል፣ ከዚያ ይቃጠላል። ይህን ለአባባ ሳስረዳቸው፣ የዛሬ ልጅ አፍ አሉና አማተቡ።

አባዬ የማስነሻ ገመዱን ለአምስተኛ ጊዜ ሲስበው ተነሳ። ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። የበርሜሉ ውሃ ነጭ ሆኖ ተገለባበጠ፤ ቤንዚንና የተበጠበጠ ውሃ አንድ ላይ ሸተተኝ። አባዬ የሞተሩን እጀታ ይዞ፣ ማዕበል እንደሚጠብቅ ሰው ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ቆሟል። ግቢ መሃል። ያን ፊቱን ካየሁት ሦስት ዓመት ሆኖኛል።

ቀዳዳዋ ደረቅ ነበረች።

«ሸና?» አለኝ ጮክ ብሎ።

«ሸና» አልኩ።

ሳቀ። እኔ በሆዴ ሽና፣ እባክህ ሽና እላለሁ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አባዬ ግን ጎንበስ ብሎ ከቀዳዳዋ ሥር መሬቱን አየና ወዲያው አጠፋው።

ወደ አባባ ዞሮ፣ ሞተሩን ያለ ውሃ አስነስተውት ያውቁ እንደሆነ ጠየቃቸው።

«በየዓመቱ፣ በልጄ ሙት ዓመት» አሉ። «ድምፁን ልስማ ብዬ ነው። ብዙ አላቆየውም፤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስክደግም ብቻ።»

አባዬ የሞተሩን እግር ፈታው። ውሃ የምትስበው ትንሿ ጎማ ተቃጥላ እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረች። አባባ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና እኔው ነኛ የገደልኩት አሉ። አባዬ አልሞተም አላቸው፤ ሚልኬሳ ባቱ ጎማውን ፈልጎ በመኪና ይልካል፣ ቅዳሜ ገጥመን እንሞክረዋለን፣ ውሃ ካፈሰሰ እገዛዋለሁ፣ ካላፈሰሰ ግን ውስጡም ተቃጥሏል ማለት ነው።

«እስከዚያ አንዴ ባስነሳውስ?»

«በእግዜር፣ አይንኩት።»

ቁልቁል ስንወርድ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች አለፉን። አባዬ እስኪርቁ ጠበቀ።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

ብዙ መልስ ነበረኝ። የእኔ አፍ መልስ አይጠፋውም። ያወጣሁት ግን «እማዬ ጋ መሄድ አማረኝ» የሚለውን ነው።

«ሐይቁ መሃል ቢቆምብንስ?» አለ። ከዚያ ቤንዚን የሚሸት እጁን ራሴ ላይ ጣል አደረገ። «ቅዳሜ ገመዱን አንቺ ትስቢያለሽ። ቀዳዳዋን እኔ አያለሁ።»

ዛሬ ሐሙስ ነው። በርበሬ እየቀነጠስኩ ክንዴን አየዋለሁ። ቀጭን ነው። ግን አምስቴ ለመሳብ አያንስም፤ ካስፈለገም ሃምሳ።